ሄዶ ማየትን ያስቀረ ቤት

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ አይል ኦፍ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ባለ አንድ የሳር ክዳን ቤት፣ አይጥ ወጥመድ ውስጥ ስትገባ ባለቤቱ በስልኩ መልእክት ይደርሰው ነበር። ሰውየው አንዲ ስታንፎርድ ክላርክ ይባላል፤ ያኔ የአይቢኤም መሐንዲስ ነበር። ወጥመድ ያጠመደ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በየቀኑ እየሄዱ ማየት ያሰለቻል፤ ሳያዩት ከሰነበቱ ደግሞ ሽታው ራሱ መጥቶ ይነግራል። መሐንዲሱ ወጥመዱን ከአንዲት ሬዲዮ ጋር አገናኘውና ከመመላለስ ተገላገለ። እያደር ቤቱ በሙሉ ወሬ ነጋሪ ሆነ፤ መብራት ሲበራና ሲጠፋ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ኤሌክትሪክ ስንት እንደተበላ በትዊተር ያወራ ጀመር። ሰውየው በዚህም አልረካም። ደሴቲቱን ከዋናው ምድር የሚያገናኙት ጀልባዎች ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ ስለሚያሳውቁ፣ ያን ምልክት እየተቀበለ «ደረሰች፣ ተነሣች» የሚል ገጽ ከፈተላቸው።

ስማርት ቤት ሲባል ማስታወቂያው የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው፤ ሶፋ ላይ የተንጋለለ ወጣት «መብራት!» ሲል የሚበራ አምፖል። እንደ እኔ እንደ እኔ ይኼ የቴክኖሎጂው እጅግ ደካማው ጥቅም ነው። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንም እንግዳ ያለ አስተማሪ ይጠቀምበታል፣ አነጋገርህ አልገባኝም ብሎም አያውቅም። ቤትን በራሱ ማሠራት ፍሬው የሚታየው «እስቲ ሄደህ እይ» የምንባባልባቸው ነገሮች ላይ ነው። በሩ ተቆልፏል? ውሃው መጥቷል? እማማ ዛሬ ተነሥተዋል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ መልሱ ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ምርጦቹ ሥራዎች ሁሉ የተወለዱት ከአንድ ሰው የግል ብስጭት ነው።

ታሪኩም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሰዎች የኮካ ኮላ ማሽናቸውን ከኮምፒዩተራቸው ጋር አገናኙት፤ ደረጃ ወርደው ባዶ ማሽን ወይም ገና ያልቀዘቀዘ ጠርሙስ ስላናደዳቸው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ብልሃት ቀላል ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ሦስት ሰዓት የቆየን ጠርሙስ «ቀዝቅዟል» ይላል። በ1991 ደግሞ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜራ ወደ ቡና ማፍያቸው አዞሩ፤ ከሌላ ፎቅ ድረስ መጥቶ ባዶ ማንቆርቆሪያ ማግኘት አንገሸገሻቸው። ያ ምስል በ1993 ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ የዓለም የመጀመሪያው የድር ካሜራ ሆነ፤ 2001 ላይ ሲዘጋም ማፍያው በጨረታ ከ3,000 ፓውንድ በላይ አወጣ። በዚያው ዘመን፣ በ1990፣ በኢንተርኔት የሚበራና የሚጠፋ የዳቦ መጥበሻ አሜሪካ ውስጥ ለኤግዚቢሽን ቀርቦ ብዙ ተጨብጭቦለታል። ዳቦውን ግን ሰው ነበር የሚከተው፤ በዓመቱ ዳቦ የሚያነሣ ትንሽ ክሬን ጨመሩለት። የኮካው ማሽን የእግር መንገድ አስቀረ፤ መጥበሻው ምንም አላስቀረም።

ያን ጊዜ ይህን ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል። የመጀመሪያው መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ኤምኪውቲቲ ይባላል፤ በ1999 የወጥመዱ ባለቤት ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የሠሩት ነው። የሳተላይት መስመር ውድ ስለነበር መልእክቱን እስከ መጨረሻው አሳጠሩት፤ ትንሹ መልእክት ሁለት ባይት ብቻ ነው። ለበረሃ ቧንቧ የታሰበው ቁጠባ ለጥቃቅን የቤት ዕቃዎች ልክ ሆነ። ሁለተኛው በ2014 ከሻንጋይ የመጣው ኢኤስፒ8266 የተባለ ቺፕ ነው፤ ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር በጥቂት ዶላር። ሦስተኛው ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስተባብር ፕሮግራም ነው። ከነዚህ የታወቀው ፓውሉስ ስሃውትሰን በ2013 የጀመረው ሆም አሲስታንት ነው፤ ነጻ ሲሆን የሚሠራውም እዚያው ቤት ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ይህ «እዚያው ቤት ውስጥ» የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። ሬቮልቭ የተባለ የ300 ዶላር የቤት መቆጣጠሪያ ነበር። ኔስት የተባለ ድርጅት የሠራውን ኩባንያ በ2014 ገዛውና በ2016 ሰርቨሩን ዘጋው፤ በየሰው ቤት የነበረው ዕቃ በአንድ ቀን ሣጥን ሆኖ ቀረ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ አምፖሉ ለመብራት ከባሕር ማዶ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ባይገዛ ይሻላል።

አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ እንበል፤ ምንም ስማርት የሚባል ነገር የለውም። ከግድግዳው ሶኬትና ከማሽኑ መሰኪያ መካከል ዋት የሚለካ ስማርት ሶኬት ይገባል። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2,000 ዋት ይደርሳል፣ ልብስ ሲያሽከረክር ጥቂት መቶዎች ይወስዳል፣ ሲጨርስ ሁለት ሦስት ዋት ላይ ይተኛል። «ከ5 ዋት በታች ከሆነ ጨርሷል በል» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ልብሱ ገና ሳሙና ውስጥ እያለ ስልኩ ይጮኽበታል፤ ማሽኑ መሐል ላይ ለመዘፍዘፍ ቆም ይላልና። ስለዚህ ደንቡ «ከ5 ዋት በታች ወርዶ አምስት ደቂቃ ከቆየ» ይሆናል። የዚህ ሙያ ጥበብ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው፤ ሴንሰሩ ርካሽ ነው፣ ደንቡ ግን ዕቃውን በጠባዩ ማወቅን ይጠይቃል።

ጠባይ ካነሣን አይቀር፣ በሲያትል የሚኖር አንድ የአማዞን ሠራተኛ በ2019 ያቀረበውን ሥራ ሳልጠቅስ አላልፍም። ድመቱ ሜትሪክ ሌሊት ሌሊት ያደነውን ወፍና አይጥ በአፉ ይዞ እየገባ፣ እንቅልፍ ላይ ባለው ጌታው አጠገብ ያስቀምጥ ነበር። ሰውየው በድመቱ መግቢያ ቀዳዳ ላይ ካሜራ አደረገ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ እየለየ፣ ድመቱ ባዶ አፉን የመጣ እንደሆነና ግዳይ ይዞ የመጣ እንደሆነ የሚያውቅ ፕሮግራም አሠለጠነ። ግዳይ ከያዘ መዝጊያው ለ15 ደቂቃ ይቆለፋል፣ ለባለቤቱ መልእክት ይሄዳል፣ ለአእዋፍ ጥበቃ ማኅበርም ጥቂት ገንዘብ ይለገሳል። ድመቱ ምን እንደተሰማው የሚናገር ፕሮግራም ግን ገና አልተሠራም።

ከሁሉም ልብ የሚነካው የጃፓኑ ነው። ዞጂሩሺ የተባለው ኩባንያ በ2001 አንድ የውሃ ማፍያ አወጣ፤ የጃፓን አዛውንት በየቀኑ ሻይ እንደሚያፈሉ ስለሚታወቅ፣ ማፍያው በተጠቀሙበት ቁጥር መዝግቦ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ልጆች በኢሜይል ያሳውቃል። ካሜራ የለም፣ አምባር የለም፣ «ቁልፉን ይጫኑ» የሚባል ነገር የለም። አሮጊቷ ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ ልጅየው ደኅና መሆናቸውን ያውቃል። ያም ቢሆን ክትትል ክትትል ነው። ቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ የቤቱ ጌታም ያውቀዋልና፣ ሚስትን ወይም ሠራተኛን ለመቆጣጠር የሚያውለው አይጠፋም። የእናቱ ማፍያ እንዲያወራ የሚፈልግ ልጅ እናቱን አስቀድሞ ይጠይቅ። «እኔን ልትሰልል ነው?» ብለው ቢስቁ ፈቃድ ነው፤ ባይስቁ ግን ይተወው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው መስክ ሃይማኖት ነው። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ሰንበትን በሚጠብቅ ቤት ዓርብ ፀሐይ ከገባች በኋላ መብራት አይነካም፤ አስቀድሞ የተሞላ ሰዓት ነው የሚያበራውና የሚያጠፋው። ስማርት ቤት የሚለው ስም ሳይሰማ በፊት ያ ሰዓት ሥራው ላይ ነበር። ሆም አሲስታንት ዛሬ የአይሁድ የቀን መቁጠሪያ ስላለው ሰንበት ስንት ሰዓት እንደሚገባና እንደሚወጣ በየከተማው ራሱ ያሰላል። የሙስሊም የሶላት ወቅቶችም አሉት፤ በሰዓቱ አዛን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ማዘጋጀት ቀላል ነው።

ለእኛ የዘመን አቆጣጠርስ? የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ለኮምፒዩተር የተሠራ ይመስላል። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ዓመተ ዓለም እንዲሆን 5,500 ሲደመርበት 7,518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ስለሞሉ ሒሳቡ ልክ ነው። መጥቅዕ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ይሆናል። ይህን በጥቂት መስመር ለቤቱ ኮምፒዩተር የጻፈ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል በማይሰማበት በሜሪላንድም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በጾም ቀን ማቀዝቀዣው ላይ የምትበራ ትንሽ አምፖል ሊኖረው ይችላል። ረቡዕና ዓርብን ማንም ያስታውሳል። የነነዌ ሰኞ ጠዋት እንቁላል ሰብሮ «ለካ ዛሬ!» የሚለው ግን ብዙ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ በረቡዕ ያለ ምክንያት የሚጾም አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ግን እኔ የምጀምረው ከውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥቶ ቧንቧ ከፍቶ ማየት የተለመደ ነው። በውሃ ማጠራቀሚያው በሮቶው ክዳን ላይ ወደ ታች የምታይ፣ ርቀትን በድምፅ የምትለካ መሣሪያ ብትገጠም፣ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልካ እስኪመለስ ትቆጥራለች። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ውሃው ከክዳኑ አንድ ሜትር ከወረደ መልሱ በ6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ማነስ ሲጀምር ውሃ መጥቷል ማለት ነው፤ ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ይነሣል፣ ሮቶው ሲሞላ ያርፋል፣ ሰው ይተኛል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የኤምኪውቲቲ አንድ ደስ የሚል ደንብ ይጠቅማል፤ ኑዛዜ ይባላል። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመልእክት አከፋፋዩ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ «ሳልሰናበት ብጠፋ ይህን ንገርልኝ» ብሎ ቃል ማስቀመጥ ይችላል። ከዚያ በየተስማሙበት ጊዜ «አለሁ» እያለ ይቆያል። ከዚያ ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ዝም ካለ፣ ሰርቨሩ ሞቷል ብሎ ኑዛዜውን ያነብባል። ባትሪ የሌላት ትንሽ መሣሪያ ሶኬት ላይ ሰክተን ሰርቨሩን ሌላ ቦታ ብናደርገው፣ ቦሌ መብራት ሲጠፋ ዋሽንግተን ያለችው ልጅ «እናትሽ ቤት መብራት ሄደ» የሚል መልእክት ታገኛለች። መሣሪያዋ ስትሞት ነው የምትናገረው። ጉድለቱ ኔትወርክ ሲቋረጥም ያው ኑዛዜ መነበቡ ነው። ራውተሩን በባትሪ ካቆዩት ግን ሁለቱ ይለያሉ፤ ባትሪ ያላት ሌላ መሣሪያ «አለሁ» እያለች ያችኛዋ ከሞተች የሄደው መብራት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ይህን የሚያነብ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው የእንጀራ ምጣዱን ነው፤ ጠፍቷል አልጠፋም የሚለው ጥያቄ ስንቱን ከመንገድ መልሷል። ምጣድ ግን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። በገበያ ካሉት ስማርት ሶኬቶች ብዙዎቹ የ10 አምፔር ናቸው፤ በ220 ቮልት ይህ 2,200 ዋት ብቻ ነው። የ16 አምፔሩም 3,520 ላይ ያበቃል። ምጣድ የተሰካበት ስማርት ሶኬት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ለምጣድ የሚሆነው ሽቦውን ከውጭ ቆንጥጦ የሚያነብ መለኪያ ነው፤ ኃይሉ በእርሱ ውስጥ አያልፍም። የሚቆነጠጠውም አንዱ ሽቦ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከያዘ የሚሄደውና የሚመለሰው ስለሚጣፉ፣ ምጣዱ እየነደደ መለኪያው ዜሮ ያሳያል። ሽቦዎቹን ለመለየት ሣጥኑን መክፈት ስለሚያስፈልግ፣ ለዚህኛው ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።