ዝሆኔ ከእርግማን አይመጣም

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ባለው ደጋ እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከምን እንደመጣበት ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «የሞተ እባብ ረግጦ ነው» ይላል፤ ሌላው «መተት ተቀብሮበት»፣ ሌላው «የእናቱ ወገን ዘር አለበት»፣ ሌላው ደግሞ የእግዜር ቁጣ ያደርገዋል። ይህ ወሬ ከእግሩ ሕመም በላይ ትዳሩን፣ ማኅበሩንና ደቦውን ያሳጣዋል።

በጎጃም ደጋ የሚታየው ዝሆኔ በሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። መንስኤው አፈሩ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አጥንቶ አሳየ። የጮቄ ተራራ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። ከእንዲህ ያለ አለት፣ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት ስፍራ፣ ቀይ ሸክላማ አፈር ይወጣል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው ይገቡና ፈሳሽን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ በዓመታት ውስጥ እየጠበቡ ሲደፈኑ ፈሳሹ ወደ ላይ መመለስ ያቅተውና እግር ያብጣል። ለጤፍ የታረሰውን ጭቃ በባዶ እግሩ ሲረግጥ የሚውል ገበሬ እባብ መርገጥ አያስፈልገውም።

በቆላ አንዳንድ ቦታ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ እሱ ከጥገኛ ትል ነው። የደጋው ትልም ትንኝም የለበትም፤ ስለዚህ ለትሉ የሚታደለው ክኒን አያድነውም።

«ይጋባል» የሚለው እምነት ሥሩ ጥልቅ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ ተላላፊ መስሏቸው ነበር። አይተላለፍም። ጀርም የሌለው በሽታ በመኝታ፣ በጽዋ ወይም በመጨባበጥ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

ስለ ዘር የሚባለው ግን ግማሽ እውነት አለው፤ ለዚህም ነው ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው። ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናትም ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች ተጋላጭነቱን እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ሆኖም ዘር ብቻውን ማንንም አያሳብጥም። ያለ አፈሩ በሽታው የለም። «ዘር አለባቸው» የተባለ ቤት ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካልተለየው እንደ ማንም ጤነኛ ሆኖ ያድጋል። በዚህ ሰበብ የልጅን ጋብቻ ማፍረስ በደል ነው።

ጫማውም ለገበያና ለበዓል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጥቅም የለውም፤ አፈሩ የሚጎዳው በእርሻ ላይ ነው። ሸበጥና ኮንጎም ጭቃና አቧራ ስለሚያስገቡ እግርን ሙሉ የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ይሻላል።

«አንዴ ካበጠ አበቃ» የሚሉም አሉ፤ አላበቃም፤ መጀመሪያ ግን የሕመሙን ክብደት እንይ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች መካከል 3.3 በመቶው በሽታው ነበረባቸው። ታማሚዎቹ በአማካይ በዓመት 5 ጊዜ ይነሳባቸዋል፤ እግሩ ይግላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፣ ለቀናትም ያስተኛል። በዓመት በጠቅላላው 90 ቀን ያህል በዚህ ሕመም ያልፋል። ይህ በእርሻ ወቅት ሲሆን ቤተሰቡ የሚያጣውን ገበሬ ያውቀዋል።

በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ደግሞ በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ ነበር። ከእነሱ መካከል የእግር እንክብካቤ የሠለጠኑት እግራቸውን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በየጣቱ መካከል ጭምር አድርቀው፣ ቅባት ቀብተው፣ ያስፈለገውን በፋሻ ጠቅልለው ካልሲና ጫማ ያደርጉ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የሚነሳባቸው ጊዜ ካልሠለጠኑት በአንድ አምስተኛ ገደማ አነሰ። ፈውስ አይደለም፤ ለታመመ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ይህን ማጠብ ቢቀጥል እምነቱን የሚነካ ምንም የለም።

በአገር አቀፍ ደረጃ በሽታው ያለባቸው 1.5 ሚሊዮን ያህል ይገመታሉ። በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያም ቀድሞ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ሲለምድ ጠፋ። አፈሩን ሀብታምም ድኻም ይረግጡታል፤ የሚታመመው ግን የጫማ ዋጋ የሚከብደው ነው። በእኔ እምነት ይህ ከኃጢአት ይልቅ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ልጅዎ መራመድ ሲጀምር ጫማ ያድርጉለት። እግሩን ቢያሳክከው፣ ማታ ውስጥ እግሩ ቢያቃጥለው ወይም ውሎ ሲገባ እግሩ አብጦ ሲያድር ቢቀንስ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ ይውሰዱት፤ በዚህ ጊዜ የተያዘ ሊመለስ ይችላል።