የተሳለ አንበሳ ለምን ያስለቅሰናል?

ባለፈው ክረምት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን ከ6 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጋር «ዘ ላየን ኪንግ»ን እያየን ነበር። የ1994ቱን (እ.ኤ.አ.)፣ በእጅ የተሳለውን። ሙፋሳ ከገደሉ ወደቀ። ትንሹ ሲምባ የአባቱን ጆሮ እየጎተተ ሊቀሰቅሰው ሞከረ። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ።

ልጁ ጨለማው ውስጥ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «አጎቴ፣ ሙፋሳ ይነሳል?» አለኝ። ሳልመልስለት ደግሞ፣ «አባባስ ከሄደበት ይመጣል?» አለ። እያለቀሰ ነበር።

አባባ የእኔ አባት ነው። ከሦስት ወር በፊት ነው ያረፈው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሲለቀስ ልጁን ጎረቤት ዘንድ አቆየነው። «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» ያልነውም እኛው ነን። በእነዚያ ሦስት ወራት አንድም ቀን አላለቀሰም። ለተሳለ አንበሳ ግን አለቀሰ።

እኔ የምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የገረመኝን ነገር ፈታትቼ ማየት ልማዴ ነው። እስቲ ይህን ትዕይንት አብረን እንፍታው።

ሦስት ማዕዘን ክፉ ሊሆን ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደር እና ማሪያን ሲመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለ አንድ አጭር ፊልም ጥናት አሳተሙ። ፊልሙ ላይ ያሉት አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ክብ እና በር ያለው ሳጥን ብቻ ናቸው። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ቅርጾቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ በቃ። ተመልካቾቹ ያዩትን እንዲጽፉ ሲጠየቁ ግን ከ34ቱ መካከል ስለ ቅርጾች ብቻ የጻፈው 1 ሰው ነበር። ሌሎቹ ሕይወት ያላቸው ፍጡራን ነው ያዩት። ትልቁን ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ፣ ክቡን ደግሞ ፈሪ ያሉት ብዙ ነበሩ።

አእምሯችን እንዲህ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ «ይሄ ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአኒሜሽን ባለሙያዎች በሰከንድ 24 ምስል እያሳለፉ የሚነካኩት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

መልክም ያግዛቸዋል። የፊልሙን ክፉ፣ ስካርን ተመልከቱት (ስሙ በእንግሊዝኛ «ጠባሳ» ማለት ነው፤ ከአማርኛው ስካር ጋር እንዳታምታቱት)። ቀጭን ነው፣ አገጩ የሾለ፣ ጋማው የጠቆረ። ሙፋሳ ግን ደረተ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሞሼ ባር እና ማይታል ኔታ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ጠርዙ ከሾለ ዕቃ ይልቅ ጠርዙ የጎበጠውን እንደሚወዱ አሳይተዋል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ የፊልም አቋራጭ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ምንም ክፋት የለበትም።

መንጋው ክፉ አይደለም

ሙፋሳን የረገጠው መንጋ ዊልድቢስት የሚባሉ የሜዳ እንስሳት ስብስብ ነው። እነዚህ እንስሳት በእጅ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው የተሠሩት፤ እርስ በርስ ሳይጋጩ እንዲሮጡ ፕሮግራም ተጽፎላቸዋል። ከዚያ ቀደም ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የሚገርም ነገር አሳይቶ ነበር፤ መንጋን ለመምሰል ሦስት ሕግ ይበቃል። ከጎንህ ካለው ጋር አትጋጭ፣ እሱ በሚሄድበት አቅጣጫና ፍጥነት ሂድ፣ ከመንጋውም አትራቅ። የበዓል ሰሞን በአስፋልቱ የሚነዱትን በጎች አይታችሁ ከሆነ ሦስቱንም ሕጎች አይታችኋል።

መንጋው ያስፈራል፤ ግን አንጠላውም። ሙፋሳን የመጉዳት ሐሳብ የለውማ። ክፋት የሚጀምረው ሐሳብ ያለበት ላይ ነው።

ታዲያ ክፋቱ የት ላይ ነው?

ብዙ ሰው «ስካር ሙፋሳን ከገደሉ ሲጥለው» ይላል። እኔ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው እላለሁ። ስካር ወደ ሲምባ ይመጣና አባትህ የሞተው በአንተ ምክንያት ነው ብሎ ያሳምነዋል፤ ሽሽ፣ ተመልሰህም አትምጣ ይለዋል። እኛ ስካር የሠራውን አይተናል፤ ሲምባ አላየም። እኛ በምናውቀውና እሱ በማያውቀው መካከል ያለው ክፍተት ነው አንጀታችንን የሚበላው። ጮኸን ልንነግረው እንፈልጋለን፤ አንችልም።

ልጆች ሞትን እንዴት እንደሚረዱ ያጠኑ ሰዎች ግንዛቤውን በአራት ይከፍሉታል፦ የሞተ አይመለስም፤ የሞተ አይርበውም፣ አይበርደውም፤ ሕይወት ያለው ሁሉ ይሞታል፤ ሞት ምክንያት አለው። አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የሚይዟቸው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ ነው። አራተኛው ግን አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ አንዳንዴ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል። የሚፈጥረው ምክንያት ደግሞ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ስካር ይህን ያደረገው አስቦበት ነው። እኛ በፍቅር ብለን ለዚያው ቦታ ክፍት ተውን።

አገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አላት። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ ነው የሚነገረው፤ ሰውዬው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሸከም። መዘግየቱ ለዚህ ነው። ለልጆች ግን ማዘግየቱን ወስደን መንገሩን ረሳነው።

የስልኬን መብራት አበራሁና እህቴን ጠራኋት። በመሃላችን አስቀምጠን ነገርነው፤ አባባ ሞቷል፣ አይመለስም፣ ልቡን አሞት ነበር። ልጁ ብዙ አሰበ።

«ኳሷን ቤት ውስጥ ስመታ ራሴን አመመኝ ብሎኝ ነበር። በእሱ አይደለም?»

ሦስት ወር ሙሉ ይህን ይዞ ነው የከረመው። «አይደለም» አልነው። እህቴ አቀፈችው፤ ሦስታችንም አለቀስን።

መብራት ሲመጣ ፊልሙን እንድንጨርስ የለመነን እሱ ነው። መጨረሻው አካባቢ ስካር የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ለሲምባ በጆሮው ይነግረዋል። ሲምባ ተስፈንጥሮ የሚነሳው ያኔ ነው፤ እውነቱን ካወቀ በኋላ። ልጁም ከሶፋው ተነሳ።

ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ፊልም እያየ ሲያለቅስ «ፊልም እኮ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንዳስለቀሰው ጠይቁት። እናንተም ያልተነገራችሁ ነገር ካለ፣ ትልቅ ሰው ጠይቁ።