ክትባት የሌለበት ቢጫ ካርድ፦ ከወለጋ ወደ ዛንዚባር ለሚጓዙ

ሰሞኑን ነቀምቴ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ሁለት ሙሽሮች ጎራ ብለው ነበር። ለጫጉላ ወደ ዛንዚባር ስለሚሄዱ የወባ መከላከያ ይፈልጋሉ። ፋርማሲስቷ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዳቸውን ስትጠይቅ ሙሽራው ሁለት ቢጫ የክትባት ካርዶች አወጣ። ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ሁሉም አላቸው። "መቼ ተከተባችሁ?" ስትል ግን "መርፌውን አልተወጋንም፤ ካርዱን ደላላ ነው ያስጨረሰልን" አላት። በረራው በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈው ይኸው ነው።

ቲኬትና ሆቴል መያዝ ለማንም አይጠፋም። የማይነገረው ሌላው ነው፤ በተራ እንሂድ።

1. ወቅት። የዛንዚባር ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡ የወለጋ ሙሽሮች የሚደርሱት በዶፉ መሀል ነው፤ የጉዞ ወኪሉ በዚያ ሰሞን ዋጋ ቀነሰ ብሎ ሲያስተዋውቅ ምክንያቱን አይነግራቸውም። የጥር ሙሽሮች ደረቅና ሞቃት አየር ያገኛሉ። ወለጋ በክረምት ስትርስ፣ ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ደሴቲቱ ደረቅና ነፋሻ ናት።

2. ኢንሹራንስ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የደሴቲቱን መንግሥታዊ የጉዞ ዋስትና መግዛት አለበት። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። አዲስ አበባ የተገዛ ሌላ ኢንሹራንስ አይተካውም። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች ቪዛውም ቢሆን በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ይፋዊ ገጽ እንጂ በጓደኛ ወሬ አይጣራም።

3. ቢጫ ወባ። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ራሷን ለመጠበቅ ነው፤ ቫይረሱን የምታስተላልፈው ትንኝ እዚያም ስላለች፣ አንድ የታመመ መንገደኛ ወረርሽኝ ሊያስነሳ ይችላል። ስጋቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 100,000 ሰው አሳምሞ 30,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ውስጥ እንደገና ታይቷል። በሽታው ከጠናባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ፤ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒትም የለም። ያለው ክትባት ነው፤ አንዴ ከተወጉት ለዕድሜ ልክ ይበቃል።

ካርዱ የሚጸናው መርፌው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሰኞ ተከትቦ ሐሙስ መብረር አይሠራም። "በየ10 ዓመቱ ይታደሳል" የሚለው ወሬ ደግሞ ካለፈበት ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ፣ ቀድሞ የተሰጠው ካርድ ጭምር፣ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ይህ ከተለወጠ ከስንት ዓመት በኋላም "ካርድህ ጊዜው አልፎበታል" ብለው ሰውን የሚመልሱ ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳዝናል። ለነፍሰ ጡር፣ ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን፣ የእንቁላል ከባድ አለርጂ ላለባቸው ወይም የበሽታ መከላከል አቅማቸው በጣም ለተዳከመባቸው ሰዎች ክትባቱ በዘፈቀደ አይሰጥም። ለእነርሱ ሐኪም መርምሮ የሚጽፈው የሕክምና ማረጋገጫ አለ። ደላላ ግን ማንንም አይመረምርም።

የተገዛ ካርድ ጉዳቱ አየር ማረፊያ ላይ መዋረድ ብቻ አይደለም። የሐሰት የሕክምና መዝገብ ነው። ያ ሙሽራ ነገ ትኩሳት ይዞት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ቢገባ፣ ሐኪሙ ካርዱን አይቶ "ይህ ሰው ተከትቧል" ብሎ ቢጫ ወባን ከሐሳቡ ያወጣል። ካርዱን የሸጠውም የገዛውም ይህን አላሰቡትም። ማኅተሙን ያወጣው ሰው ግን ያውቀዋል፤ ክትባት ሳይሰጥ ማኅተም የሚመታ የጤና ባለሙያ የሙያውን ቃል ኪዳን ሸጧል፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰው ወደ ደላላ የሚሄደው ግን በስንፍና ብቻ አይደለም። ከደምቢዶሎ፣ ከነጆ፣ ከጊምቢ ወይም ከሻምቡ የሚነሳ ሰው ክትባቱ የት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ብር እንደሚሰጥ በግልጽ የሚነግረው የለም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከዋል፤ ስልክ አይነሳም፤ ደርሶ "ዛሬ የለም" ይባላል። ደላላው ግን በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። ፈቃድ ያላቸው የክትባት ጣቢያዎች ዝርዝር፣ ቀንና ዋጋ በየሆስፒታሉ በርና በየጉዞ ወኪሉ ቢሮ ቢለጠፍ የሚያስወጣው የወረቀትና የሙጫ ዋጋ ነው። ለምን እንደማይደረግ መልስ የሚሰጥ አካል ሊኖር ይገባል።

4. ወባ። ሙሽሮቹ መከላከያ የፈለጉለት ይኸኛው ነው፤ ነገሩ ግን የተገለበጠ ነው። የወለጋ ሰው የዛንዚባርን ወባ ይፈራል፤ ደሴቲቱ ግን ለዓመታት በተሠራ ሥራ የወባ ስርጭቷን ከ1 በመቶ በታች አውርዳለች፤ ከቀረው ወባ ጥቂት የማይባለው ከውጭ በሚገባ መንገደኛ የሚመጣ ነው። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት መመዝገቡን ሲገልጽ፣ 44 በመቶው ሕመም የተመዘገበው በኦሮሚያ ነው፤ ምዕራብ ወለጋም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነበር። ስለዚህ ወደ ዴዴሳ ወይም ወደ አንገር ሸለቆ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ካለው ሳይመረመር አይብረር። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ ይህን ከጉበት የሚያጸዳው ፕሪማኩዊን የተባለ መድኃኒት ታዝዞ ከሆነ ይጨረስ። ደሴቲቱ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ከየት እንደመጣ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር። "ወባን ለምደነዋል" የሚባለው ለነቀምቴ ሰው አይሠራም፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ነዋሪዋ ወባን የሚቋቋም ሰውነት የለውም።

5. ዴንጊ። ይህም በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ዛንዚባር ውስጥ አለ። ትንኟ በቀን ነው የምትነክሰው፤ አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ የሚቀባ መከላከያና እጀ ረጅም ልብስ ያስፈልጋል። ምንነቱ ላልታወቀ ትኩሳት ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይወሰድም፤ ዴንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ለዘመድ የሚወሰድ ቡና በፌስታል አይቋጠር፤ ታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። ጫት እዚያ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፣ አንድ እስርም ቢሆን አይያዝ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር ከተማ አሮጌ ክፍል ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። በስዋሂሊ ሰዓት ሲቆጠር እንደኛው ከንጋት ነው የሚጀምረው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተባለ ጀልባ በእኛም ሦስት ሰዓት ነው፣ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን 09:00 ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ በባኮና በአምቦ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል በበረራው ዕለት ከነቀምቴ መነሳት አያዋጣም።

ጉዞ ያሰበ ሰው ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ ክትባቱን የሚሰጠውን ጤና ተቋም ይጠይቅ፤ መርፌውን ራሱ ይወጋ፤ ቀኑና የክትባቱ መለያ ቁጥር በካርዱ ላይ መስፈራቸውን በዓይኑ ይይ። ካርድ አለኝ የሚል ደላላ ያጋጠመው ደግሞ ዝም አይበል፣ ለጤና ቢሮ ያሳውቅ።