በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አባትና ልጅ ሲቀያየሩ

እዚህ ኮሎምበስ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚኖር አንድ ወጣት ወገናችን የማስተርስ ጥናቱን እንዳይለት ላከልኝ። ሙያዬ ምህንድስና በመሆኑ ስለ ታሪኩ ይዘት ብዙ የምለው አልነበረኝም። የዋቢ መጻሕፍቱ ዝርዝር ግን አላስቀምጥ አለኝ። «ዘውዴ፣ ባ.» ይላል። «ታምራት፣ ታ.» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» የሚል አለ። እኚህ «ሥላሴ» የተባሉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መሆናቸው ነው! በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቆጥረው በ1904 ዓ.ም. ዝርዝራቸውን ያሳተሙት ሰው፣ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ለሁለት ተሰንጥቆ ተቀመጠ።

ጥፋቱ የወጣቱ ሳይሆን የመሣሪያው ነው። እንደ ዞቴሮና ኢንድኖት ያሉ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብለው ያስቀድማሉ፤ የቀረውን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራሉ። ለፈረንጅ ስም ይሠራል። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት የግል ስም ስለሆነ፣ «ዘውዴ» ብሎ መጥቀስ ፕሮፌሰር ባሕሩ የደከሙበትን መጽሐፍ ለአባታቸው መስጠት ነው። ከዚህም በላይ አንዱ ጥናት «ባሕሩ»፣ ሌላው «ዘውዴ» ሲል አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ሥራው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥረውም ግማሹን ያጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዞቴሮ ሁለቱን የስም ሳጥኖች ወደ አንድ የሚቀይረውን ምልክት ተጭኖ ስሙን በሙሉ መጻፍ፤ በኢንድኖት ከሙሉው ስም በኋላ ኮማ ማድረግ፤ እንደኔ ቢብቴክ የለመደ ደግሞ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ማጠር። አማካሪው «ይህ ከደንቡ ውጭ ነው» ቢል፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግም ሆነ ከ2003 እስከ 2014 በ5 ጥራዞች የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በመጀመሪያ ስማቸው እንደሚያስገቡ ማሳየት ይቻላል። በስደት ኖሮ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ያደረገ ደራሲ ግን ራሱ እንደመረጠው ይጠቀስ፤ እሱን «ማረም» የእኛ ሥራ አይደለም።

የዓመተ ምሕረቱ ጣጣ ይብሳል። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ እንዲሁ 1958 ተብሎ ሲገባ፣ መጽሐፉ ከታኅሣሡ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በፈረንጅ 1960 ከሆነው ማለት ነው፣ ቀድሞ የወጣ ይመስላል። በዚህ ላይ የሚገነባ የታሪክ ትንታኔ ምን ዓይነት እንደሚሆን አንባቢ ይፍረድ። ወሩ ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመር ነው። ካልታወቀ 1965/66 ብሎ ሁለቱንም መጻፍ፣ አጠገቡም የእኛን ዓመት ማኖር።

የላቲን አጻጻፉን በተመለከተ፣ አንዱን «ሐዲስ» ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። እኔ ለወጣቱ ዎርልድካትን ተመልክቶ በዚያው እንዲጸና፣ ከጎኑም በፊደላችን እንዲጽፍ ነገርኩት። ያንን የዓለም ካታሎግ የሚያስተዳድረው ኦሲኤልሲ በ1967 የተመሠረተው እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱም ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው በደብሊን ይገኛል።