10 ነጥብ ያለፈ ሁሉ ድባቴ አለበት?

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎችን ሳማክር ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደጋግሜ የማገኘው ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የመጠይቁ የክሮንባክ አልፋ ከ0.8 በላይ ስለሆነ ድባቴን በትክክል ይለካል።» ተማሪው ይህን ጽፎ ወደ አራተኛው ምዕራፍ ያልፋል። እኔ ግን እዚያው እቆማለሁ።

ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ነው። ይህ ከአስተማማኝነት አንዱ ገጽታ ነው። የተስማሙት በድባቴ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ አልፋ አያውቅም። ያ የተገቢነት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

በአገራችን በብዛት የሚሠራበትን የድባቴ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9ን፣ እንውሰድ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ነገሮችን ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ተለይቶ ይወጣል። መረጃ ሰብሳቢው በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንዲት እናት ቤት ገባ እንበል። የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? «ልጄ፣ ሁዳዴ አይደል እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ይበላል?» 3 ተሞላ። እንቅልፍስ? ሌሊት ለጸሎት ይነሳሉ፤ 3። ድካም? እንዴት አይኖር፤ 3። ሐሳብ መሰብሰብ አልፎ አልፎ ያስቸግራል፤ 1። ድምሩ 10 ሆነ። ስለ ማዘንና ስለ ደስታ ማጣት የሚጠይቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግን ሁለቱም 0 ናቸው! በምርመራ ደንቡ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ሳይኖር ከባድ ድባቴ አይባልም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የምግብ፣ የእንቅልፍና የድካም መልሶች በጾሙ ምክንያት አብረው ከፍ ስላሉ፣ አልፋም ያን ያህል ያምር ይሆናል።

መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 926 ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ፈትሾታል፤ ውጤቱንም በባለሙያ ከተደረገ ቃለ መጠይቅ ጋር አመሳክሯል። አልፋው 0.81 ነበር። በ10 ነጥብ ላይ መጠይቁ ድባቴ ካለባቸው 86 በመቶውን ለየ፤ ከሌለባቸው ደግሞ 67 በመቶውን ብቻ ነፃ አለ።

ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ አስልታችሁ እዩት። ከ1000 ሰው 100 ብቻ ድባቴ አለባቸው ብንል፣ መጠይቁ 86ቱን ያገኛል። ከቀሩት 900 ጤነኞች ግን 297ቱን አብሮ ይይዛል። ስለዚህ 383 ሰው 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣል፤ ተማሪውም «38 በመቶው ድባቴ አለበት» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ 10 በመቶ ነው። በጋዜጣ ርዕስ፣ በፕሮጀክት በጀት፣ በሰዎች ስም ላይ የሚያርፈው ግን ያ 38 ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ብዙ አይደለም። መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ብለው እንደተረዱት፣ መልሱንም ለምን እንደመረጡ ይጠይቁ። መረጃው በየትኛው ወር፣ በጾም ወይስ በአጨዳ ሰሞን እንደተሰበሰበ ይጻፉ። አቅም ከፈቀደ ከተለዩትም ካልተለዩትም የተወሰኑትን ባለሙያ ያናግራቸው። ካልፈቀደ፣ «ድባቴ አለባቸው» የሚለውን ትተው «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል» ይበሉ።

በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ግን ድርድር የለኝም። ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው እሱ ነው። እዚያ ላይ ከ0 ሌላ የመለሰ ሰው ያኔውኑ በባለሙያ መታየት አለበት፤ ለስሌት እስኪገባ ወራት ሊጠብቅ አይገባም። የሚያየው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ስልኩም በመረጃ ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ መኖሩን ሳላረጋግጥ ለመስክ ሥራ አልፈርምም።