የእማዬ ጤና አዳምና የግቢያችን መረሬ

እማዬ ከድሮ ሰፈሯ ወጥታ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር፣ ከሻንጣዋ ሌላ ይዛ የመጣችው በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም ነበር። “መሬት ካለ ምን ችግር አለ?” ብላ ግንቦት ላይ በራችን አጠገብ ተከለችው። ሐምሌ ላይ ሥሩ በስብሶ ደረቀ። አጠገቡ ያለው ጎመንም ገረጣ። ከዚያ በኋላ እማዬ ወደ ግቢው መውጣት ተወች፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጥ ጀመር። እኔን ያሳሰበኝ ከጎመኑ ይልቅ ይኼ ነው።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። በቦሌና በአቃቂ በኩል የምንኖር ብዙዎቻችን ቤታችን ያረፈው መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ነው። መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከጫማ አልላቀቅ ይላል። በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ድሃ አፈር ግን አይደለም፤ ጤፍና ሽምብራ ይወዱታል። ችግሩ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃው ቶሎ አይወርድም፣ ሥርም አየር ያጣል።

ኮኮፒት ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማስታወቂያ በቀላሉ አያታልለኝም እል ነበር። ሆኖም “ለማንኛውም አፈር” የሚል ጽሑፍ ያለበት ኮኮፒት ሳይ ገዛሁ። ኮኮፒት የሚዘጋጀው የኮኮናትን ፍሬ ከሚሸፍነው ቃጫማ ልባስ ነው። ሕንድና ስሪላንካ በብዛት ያመርቱታል። ተጨምቆ እንደ ጡብ ይመጣል፤ አምስት ኪሎው ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ወደ 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ይሆናል።

እሱን ብቻ ከመረሬው ጋር ቀላቀልኩት። አፈሩ ለሰለሰ፤ ጎመኑ ግን አሁንም ቢጫ ነው። ችግኝ የምገዛበት አትክልተኛ ሳቀብኝ። “እህቴ፣ ይሄኮ ፍራሽ ነው፤ ምግቡን ማን ሰጠው?” አለኝ። እውነቱን ነው። ኮኮፒት አፈር ያላላል፣ ቶሎም ስለማይበሰብስ ለዓመታት ይቆያል፤ ለተክል የሚሆን ምግብ ግን እምብዛም የለውም። ውሃም ስለሚይዝ፣ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ብቻውን አያደርቅም።

ዘንድሮ ያደረግነው

• ጊዜውን መምረጥ፦ እፍኝ አፈር ይጨብጡና በጣትዎ ይጫኑት። ከተፈረፈረ ይቆፍሩ፤ እንደ ሊጥ ከሆነ ይጠብቁ። እርጥብ መረሬ ሲረገጥ ይበልጥ ይጠቀጠቃል።

• ማጠብ፦ አንዳንዱ ኮኮፒት ጨው ስላለበት፣ ዘፍዝፈው ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት።

• መቀላቀል፦ መሬቱን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ። አምስት ሳንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት፣ በላዩም ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ኮኮፒት አልብሰው ያዋህዱ። አንዱ የአምስት ኪሎ ጡብ ለሁለት ካሬ ሜትር ይበቃል።

• መደብ ማድረግ፦ በሰሜን ሸዋ የኢነዋሪ ገበሬዎች መረሬ ማሳቸውን በእጃቸው እያፈሱ ሰፋፊ መደብ ይሠራሉ፤ ትርፉ ውሃ በመሃል ባለው ቦይ ይወርዳል። እኛም 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠራን።

• አሸዋን መተው፦ ጥቂት አሸዋ ከመረሬ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሲሚንቶ ሊጠነክር ይችላል።

ለግቢው ሁሉ ኮኮፒት መግዛት ኪስ ይጎዳል። እኛ ያደረግነው ለአንድ መደብ ብቻ ነው፤ ለሌላው የወጥ ቤታችን ልጣጭና የደረቀ ቅጠል ኮምፖስት ሆኖ በየዓመቱ ይጨመርበታል።

እማዬ ከድሮ ጎረቤቷ የጤና አዳም ቅርንጫፍ አምጥታ መደቡ ላይ ተከለች። ይኼን ክረምት አልፏል። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አስከትላ ትወጣለች፤ ቡና ሲፈላም ቅጠሉን የምትቀነጥበው ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው አታስነካም።