«ምጣ» ያልኩ ዕለት

ሰቆጣ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አይለይም። ሰሞኑን የዘጠነኛ ክፍል ደብተር ሳርም ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ከአበርገሌ በኩል የመጣች ልጅ «ዘ ሃይና ካችድ ዘ ጎት» ብላለች፤ ጅቡ ፍየሏን ያዛት ማለቷ ነው። «ኮት» መባል ነበረበት። አንዱ የከተማ ልጅ ደግሞ «አይ ኤይንት ጎና ጎ» ብሏል፤ አልሄድም ነው ነገሩ። ሁለቱም ላይ ያው አንድ ዓይነት ኤክስ አደረግሁ።

በማግስቱ ልጁ፣ «ቲቸር፣ ዘፈን ላይ እኮ እንዲህ ነው የሚሉት» አለኝ። እውነቱን ነው። «ኤይንት» በባለቤቶቹ አፍ ሲንከባለል ዘመናት አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ሦስተኛው የዌብስተር መዝገበ ቃላት፣ ብዙ የተማሩ አሜሪካውያንም በንግግራቸው ይሉታል ብሎ ቢያሰፍር ጋዜጦች ተነሡበት።

«ለጓደኛህ ላሽ በል ትለዋለህ» አልኩት፤ «ለወረዳው ማመልከቻ ስትጽፍስ?» ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ቃሉ ምንም አላጠፋም፤ ያለ ቦታው ዋለ እንጂ።

የልጅቷ ግን አልለቀቀኝም። «ካችድ»ን ከዘፈን አልቀዳችውም፤ ራሷ ናት የሠራችው። «ዋች» ብሎ «ዋችድ» ከተባለ፣ «ዎሽ» ብሎ «ዎሽድ» ከተባለ፣ «ካች» ምን በደለ? እንግሊዞቹ ራሳቸው «ካችድ»ንም «ኮት»ንም ጎን ለጎን ሲሉ ብዙ ዘመን ኖረው ነው «ኮት» የበላይ የሆነው። «ሄልፕ» ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ጸሎተ ማርያምን የሚያነብ ሰው፣ ሉቃስ 1፥54 ላይ «ሆልፐን» የሚል ያገኛል። ዛሬ «ሄልፕድ» ነው። እዚያ ሕግ የጠበቀው ተረታ፤ እዚህ ሕግ የጠበቀው ረታ። ፈራጁ የብዙ ሰው አፍ ነው።

ይህን ሳስብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ አፌን የፈታሁት በኽምጣና ነው፤ አማርኛ የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጓደኛዬን ከሩቅ «ምጣ!» ብዬ ጠራሁት። «ይሂድ» ካሉ «ሂድ» ነው፤ «ይብላ» ካሉ «ብላ» ነው፤ «ይምጣ» ካሉ ታዲያ ሌላ ምን ይሆናል? ግቢው በሳቅ ተሞላ። «ና» እንደሚባል ነገሩኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም። ዓመቱን ሙሉ ቅጽል ስሜ «ምጣ» ሆነ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም።

ያን ዕለት የሳትኩት የአማርኛ ሕግ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ሕጉን ከሚገባው በላይ አምኜው ነበር። የአበርገሌዋም ልጅ እንዲሁ።

ኤክሱን አላነሣሁም፤ «ካችድ» ፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳታልና። ከጎኑ ግን በዚያው በቀዩ እስክሪብቶ፣ «ሕጉን አግኝተሽዋል፤ ይህ ቃል ነው ለሕጉ ያልታዘዘው» ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያም ደብተሯን ልሰጣት ጠራኋት።

«ነይ» ብዬ።